«የሐበሻ መድኃኒት» በአውሮፓ መደብር

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከኮሶ ይጀምራል። አዎን፣ አያቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ይጨልጡት ከነበረው፣ ስሙ ሲጠራ እንኳ ፊትን ከሚያጨማድደው ከዚያ መራራ መድኃኒት።

እንደሚታወቀው ኮሶ በደጋው አገራችን የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ይደርቅና ይወቀጣል፤ ከዚያም በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የሆድ ትልን የሚያወጣ መድኃኒት የቅንጦት ነገር አልነበረም፤ ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ይጠጣው ነበር። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ከቤቱ ባይወጣ፣ እንግዳም ባይቀበል ማንም አይቀየመውም። ዋጋው ደግሞ የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ዛፉ ከጓሮ፣ አበባው ከገበያ ይገኛል።

ታዲያ ይኸው ኮሶ እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ ለንደን ከተማ ውስጥ አንዱ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ያህሉ፣ በ35 ሺሊንግ ይሸጥ ነበር ቢባል ማን ያምናል? በዚያን ጊዜ የአንድ እንግሊዛዊ የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ በአማካይ ዘጠኝ ሺሊንግ ተኩል ነበር። ለአንድ ሰው የሚታዘዘው መጠን ግማሽ አውንስ ነው። ስለዚህ ያ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ኮሶ ለመጠጣት የሁለት ሳምንት ያህል ደመወዙን ማፍሰስ ነበረበት ማለት ነው። ሱብሐነላህ!

ነገሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1772 አገራችንን በጎበኘበት ጊዜ ዛፉን አይቶ ጽፎለታል፤ አውሮፓ ግን ብዙም አልሰማውም። በኋላ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በኢስታንቡል ሲኖር፣ አንድ የአርመን ሰው ከሐበሻ በመጣ ደረቅ አበባ የቡና ቤት አስተናጋጅ ከኮሶ ትል ሲያድን ተመለከተ። አበባውን ወደ ፓሪስ ላከ፤ እዚያም የዕፅዋት ሊቃውንት «ብራየራ» የሚል ስም ሰጡት። ዛሬ በሳይንስ ዓለም የሚታወቅበት «ሀጄኒያ» የሚለው ስም ደግሞ የኮኒግስበርግ ከተማ ነዋሪ በነበረ ሀገን በሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ መታሰቢያነት የወጣ ነው። ዛፉ ሁለት የአውሮፓ ሰዎች ስም ሲጎናጸፍ፣ ለዘመናት ሲወቅጡትና ሲመጥኑት የኖሩት እናቶቻችን ስማቸው የትም የለም። ከሐበሻነቱ የቀረለት ነገር ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣው «አቢሲኒካ» የምትል ቅጽል ብቻ ናት።

ወደ ዋጋው እንመለስ። ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊ ተጓዥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሁለት ጊዜ ሸዋ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋለው እሱ ነው። ይህ ሰው ብዙ ኮሶ ሰብስቦ ወሰደና ለእንግሊዝ መድኃኒት ነጋዴዎች አቀረበ። ያን የመሰለ ዋጋ የተተመነለትም በዚህ ጊዜ ነው። በገበያው ሌላ ኮሶ የሚያቀርብ አልነበረማ! ወሬው ሲነዛ ግን ሌሎች ነጋዴዎችም ማምጣት ጀመሩ፤ ዋጋውም ተንኮታኮተ። እ.ኤ.አ. በ1864 የመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ሲታተም ኮሶ ከታወቁት መድኃኒቶች ተርታ ገባ። ለፍትሕ ያህል መባል ያለበት ነገር አለ፦ ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ትሉን ያወጣል። ከመጠኑ ሲያልፍ ግን ይመርዛል። ዓይን እስከ ማሳወር የደረሰበት ሁኔታ በእኛው አገር ሐኪሞች ተመዝግቧል። የተጋነነው ዋጋው እንጂ ኃይሉ አልነበረም።

የዘመኑን ገበያ ያጥለቀለቁት ሌሎቹ መድኃኒቶች ግን እንዲህ አልነበሩም።

ያ ዘመን ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዛችበት፣ ከ1837 እስከ 1901 ያለው ዘመን ነው። እንግሊዞች በህንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በደጃችንም በዓደን ሰፍረዋል። ዓደንን የያዙት በ1839 ነው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት መርከቡ ሁሉ በቀይ ባሕር ማለፍ ጀመረ፤ ከመርከቡም ጋር ጋዜጣው፣ ከጋዜጣው ጋር ማስታወቂያው ይመጣል። እስቲ አስቡት፦ አንዲት ሴት ከአገሯ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቃ ሐኪም በሌለበት ሰፈር ልጅ ታሳድጋለች። ወባው አለ፣ ተቅማጡ አለ፣ ሙቀቱ አለ። የጋዜጣው ገጽ ደግሞ ከአገሯ መጥቶ «ይህን ሣጥን በቤትሽ ካኖርሽ አትፍሪ» ይላታል። ማስታወቂያው መጀመሪያ ፍርሃቷን ይነግራታል፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን ይሸጥላታል። ይህ ጥበብ እስካሁን አላረጀም።

ቶማስ ሆሎዌይ የሚባል የለንደን ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1837 የሚቀባ መድኃኒት፣ ቀጥሎም ክኒን መሸጥ ጀመረ። በ1842 ለማስታወቂያ 5 ሺህ ፓውንድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1883 ሲሞት ድርጅቱ በዓመት 50 ሺህ ፓውንድ ለማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የአወሳሰዱ መመሪያ በቻይንኛ፣ በቱርክኛ፣ በዐረብኛና በብዙ የህንድ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። አንድ ዓይነት ክኒን ለጉበትም፣ ለሆድም፣ ለቁስልም፣ ለትኩሳትም ይሆናል ተብሎ በዐረብኛ ተጽፎ ለሙስሊሙም ቀረበ ማለት ነው። ሰውየው በትርፉ ካሠራቸው ሕንፃዎች አንዱ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1886 መርቃ የከፈተችው ራሷ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት።

እነዚህ «ፓተንት መድኃኒት» ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ ፓተንት አልነበራቸውም። ፓተንት ለማግኘት ውስጡ ምን እንዳለ መግለጽ ግዴታ ነውና፣ ነጋዴዎቹ ስሙን ብቻ አስመዝግበው ቅመሙን ምስጢር አደረጉት። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ረዳቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ከእያንዳንዱ ሣጥን ቀረጥ ስለሚሰበስብ በሣጥኑ ላይ የመንግሥት ቴምብር ይለጠፍ ነበር። ቴምብሩ የግብር ደረሰኝ ነው፤ ሕዝቡ ግን መንግሥት መርምሮ የፈቀደው መስሎት ይገዛ ነበር። ነጋዴዎቹም ይህን ስህተት ለማረም አልቸኮሉም።

ከሁሉ ልብ የሚሰብረው ለሕፃናት የሚሸጠው ነው። «የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» የሚባለው ከአሜሪካ የመጣ መድኃኒት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ተብሎ በአትላንቲክ ማዶም ለማዶ ይሸጥ ነበር። በማስታወቂያ ካርዱ ላይ ፊቷ የፈካ እናት ፀጥ ብሎ የተኛ ልጇን ታቅፋ ትታያለች። ልጁ ፀጥ ያለው ሽሮፑ ውስጥ ሞርፊን ስላለ ነው። ሞርፊን ከኦፒየም የሚወጣ ብርቱ ማደንዘዣ ነው፤ ከዚህ እንቅልፍ ያልነቁ ሕፃናትም ነበሩ። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1911 ይህን ሽሮፕ «ሕፃናት ገዳይ» ከሚላቸው መድኃኒቶች መካከል መደበው። እንግሊዝ በ1868 የኦፒየምን ሽያጭ የሚገድብ ሕግ ብታወጣም ሕጉ ባለምስጢር መድኃኒቶችን ሳይነካ አልፎ ነበር። ሕፃኑን ከእነሱ የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን ስም እንምጣ።

እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1868 ጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞ ከዙላ የባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ዘመተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ ቅርሱም በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ሄደ። ዘመቻው እንግሊዝን ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጥቷል። ይህን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። ያልተማርነው ዘመቻው ሲያበቃ «አቢሲኒያ» የሚለው ስም ራሱ ሸቀጥ መሆኑን ነው።

ጦሩ ውኃ በሌለበት በረሃ ሲያልፍ ኖርተን የሚባል ሰው የፈለሰፈውን የቱቦ ጉድጓድ ይጠቀም ነበር። ጫፉ የሾለና የተበሳሳ የብረት ቱቦ በመዶሻ እየተመታ ወደ መሬት ይገባና በላዩ ፓምፕ ይገጠምለታል። ጠቃሚ ነገር ነው። ከዘመቻው በኋላ ይህ ፓምፕ «የሐበሻ ጉድጓድ» እየተባለ ለገበሬውም፣ ለአትክልተኛውም፣ በባሕር ማዶ ለሰፈረውም ይሸጥ ጀመር። ከባዕድ ራስ የመነጨ ዕቃ የእኛን ስም የያዘው በምድራችን ላይ ስለዘመተ ብቻ ነው።

«የሐበሻ ወርቅ» የሚባልም ነበር። ይህስ ምን መሰላችሁ? ነሐስ ነው! ስስ የወርቅ ሽፋን የተደረገለት ርካሽ ጌጥ ነው፤ ከዘመቻው ወዲህ በእንግሊዝ አገር በዚህ ስም ይታወቅ ነበር። ነገሩን መራራ የሚያደርገው እውነተኛው ወርቅ፣ ከመቅደላ የተወሰደው ዘውድ፣ በዚያው በለንደን መቀመጡ ነው። ዘውዱ ዛሬም ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። እውነተኛውን ወስደው ለሐሰተኛው ስማችንን ሰጡት።

ሦስተኛው የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ነው። በፈረንሳይ ኤግዚባር የሚባል ድርጅት ለአስም ሕመምተኞች በዱቄት፣ በሲጋራና በሚጨስ ቅጠል መልክ አዘጋጅቶ ይሸጠው የነበረ መድኃኒት ስሙ ቃል በቃል «የሐበሻ መድኃኒት» ነበር። ሕመምተኛው ዱቄቱን አቀጣጥሎ ጭሱን ይስባል። የዚያ ዘመን የአስም ጭስ መድኃኒቶች ዋነኛ ቅመም እኛ አስተናግር የምንለው ተክል ዝርያ ነው። በየቆሻሻ መጣያው ዳር ይበቅላል፤ በልቶት ለቀባጠረ ሰው ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በእርግጥም አስተናግር ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የሳንባን ቧንቧ ለጊዜው ያላላል፤ ዛሬ ሐኪሞች ከሚያዟቸው የሚሳቡ መድኃኒቶች አንዱ የዚያው ዘመድ ነው። ችግሩ በአንዱ ጭስ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አጫሹ አለማወቁ ነው። የፓሪሱን ገዢ የማረከው ቅመሙ አይደለም። «ከሩቅ አገር፣ ካልተነካ ሕዝብ የመጣ ምስጢር» የሚለው ሐሳብ ነው። ሐበሻ የተፈለገችው ለጠርሙሱ ጌጥ እንድትሆን ነበር።

የሳሙናውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ፒርስ የሚባለው የእንግሊዝ ሳሙና በ1880ዎቹ ያወጣው አንድ ማስታወቂያ በጎረቤታችን በሱዳን ላይ የተሠራ ነው። ጊዜው የመህዲ ተከታዮች ከእንግሊዝ ጋር የሚዋጉበት ነበር። በሥዕሉ ላይ የሱዳን ሙጃሂዶች ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ፊት በመገረም ቆመዋል፤ በቋጥኙ ላይ የሳሙናው ስም በትልልቅ ነጫጭ ፊደላት ተጽፏል። ርእሱ ደግሞ ሳሙናውን የብሪታንያ ድል ቀመር ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው ሌላው ማስታወቂያ ለ«ኋላ ቀር» ሕዝቦች ንጽሕናን ማስተማር የነጩ ሰው ሸክም መሆኑን ይሰብካል፤ በሥዕሉ ጥግ አንድ ነጭ ሰው ጎንበስ ላለ ጥቁር ሰው ሳሙና ሲሰጥ ይታያል። በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ ለሚያደርግ ሕዝብ ነው ይህ የሚነገረው! የሐለብና የናቡልስ ሳሙና እኮ ፒርስ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት በነጋዴዎች ግመል ይጫን ነበር።

እኛ ደግሞ እንዶድ ነበረን። ነጠላችን የነጣው በእንዶድ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩና ግኝቱ ትልቅ ሆነ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ የቶሌዶው፣ እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ለማጥፋት መጠቀምን በራሱ ስም ፓተንት አስመዘገበ። የኮሶው ታሪክ ከ140 ዓመት በኋላ ተደገመ ብንል አልተጋነነም።

ወደ አዲስ አበባ የገባው ሸቀጥ በዓደን፣ በዘይላና በጅቡቲ በኩል የመጣ ነው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከሻጮቹ መካከል ታዋቂ የነበረው የህንድ ሙስሊሞች የንግድ ቤት መሐመድ አሊ ነው፤ በሐረርም፣ በድሬዳዋም፣ በአዲስ አበባም መደብር ነበረው። ጣልያን በ1937 እስኪያባርረው ድረስ ከጨርቅ እስከ ቤት ዕቃ ይሸጥ ነበር። መድኃኒትን በተመለከተ ዶክተር ሜራብ የሚባሉት የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም በ1910 ከፈቱት የሚባለው ፋርማሲ ከከተማችን ቀደምት ፋርማሲዎች አንዱ ነው።

የማስታወቂያው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው የቤቱን ዕቃ ስም ይጥራ። ፕሪመስ፣ ቴርሞስ፣ ቫዝሊን፣ ሲንጀር፣ ኪዊ። እነዚህ ሁሉ የድርጅት ስም ናቸው፤ ለእኛ ግን የምድጃ፣ የቡና መያዣ፣ የቅባት፣ የስፌት መኪናና የጫማ ቀለም ስም ሆነዋል። እናቴ ማንኛውንም ቅባት «ቫዝሊን» ነው የምትለው፤ የማን ፋብሪካ እንደሆነ አትጠይቅም። የቫዝሊን ፈልሳፊ ቼዝብሮ በ1872 ፓተንቱን ያገኘ ሲሆን በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይበላ እንደነበር ይነገራል። እናንተ አትሞክሩት!

ጣልያንም በተራው ሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን በመውረሩ ማዕቀብ ሲጣልበት ሻይ ከውጭ መግዛትን እንደ ነውር አስቆጠረና በኤርትራ የሚበቅለውን ከርከዴ «የጣልያን ሻይ» ብሎ ለሕዝቡ አስተዋወቀ። በረመዷን ማፍጠሪያ ላይ የምናቀርበው ያ ቀይ መጠጥ እኮ ነው! የከሰላና የምጽዋ ሙስሊም ቤተሰብ ከርከዴን የጠጣው የሙሶሊኒን ማስታወቂያ አንብቦ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የድሮ ሰዎችን ለመታዘብ አይደለም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለ፤ አስም አለበት። ከሐኪም የታዘዘለትን ፓፍ ይጠቀም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤት ለእናቱ «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» የተባለ ጠርሙስ ዘይት አስገዛቻት፤ ፓፉንም «ሱስ ያስይዛል» ብላ አስተወቻት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከጀሞ ታክሲ ተፈልጎለት ድንገተኛ ክፍል ገባ። አልሐምዱ ሊላህ ተረፈ። እናቲቱ ጠርሙሱን ስታሳየኝ ፊቱ ላይ ከላይ የዐረብኛ ጽሑፍ፣ መሐሉ ላይ የጥቁር አዝሙድ ሥዕል፣ ከሥሩ የ19 በሽታዎች ስም ዝርዝር አየሁ። አስም፣ ስኳር፣ ደም ብዛት፣ መካንነት፣ ዓይነ ጥላ... የሠራው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ፣ ውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ፣ መቼ እንደሚያበቃ ግን አልተጻፈም። የስልክ ቁጥር ብቻ አለው። ከለቡ እስከ ሳሪስ በየሱቁ፣ ከዚያም ይበልጥ በየስልካችን የሚዞረው የማወፈሪያ ክኒንና የማቅያ ክሬምም እንዲሁ ነው። በማወፈሪያው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስቴሮይድ ነው፤ ፊትን ያሳብጣል እንጂ ጤና አይጨምርም። በክሬሙ ውስጥም ሜርኩሪ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሰፈራችን ስም ራሱ «ንፋስ ስልክ» የወጣው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው ይባላል፤ ዛሬ በነፋስ የሚመጣልን እንዲህ ያለው ሆኗል።

ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለንም። ነገር ግን ዑለሞች ይህን ሐዲስ እንዴት እንደተረዱት ሻጩ አይነግራችሁም። ኢማም አል-ኸጣቢይ «ሁሉም» የተባለው ጥቅል አነጋገር ሆኖ የሚፈለገው የተወሰኑ በሽታዎች፣ ከቅዝቃዜና ከእርጥበት የሚመጡት እንደሆኑ አስረድተዋል። ሐዲሱን በጠርሙስ ላይ ለጥፎ የሐኪምን መድኃኒት አስጥሎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ ነው። እንደገናም በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀውታል፤ የሚያታልልም ከእኛ አለመሆኑን ተናግረዋል። የእንግሊዞቹ የክኒን ሣጥን ከዚያ የእህል ክምር በምን ይለያል?

ለዚህም ነው በሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ የነበረው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሶሪያ የኖረው አሽ-ሸይዘሪይ ለሙሕተሲቦች በጻፈው መመሪያ ውስጥ ለመድኃኒትና ለሽቱ ሻጮች የተለየ ምዕራፍ መድቧል። የትኛው ቅመም በምን እንደሚመሳሰል፣ ማጭበርበሩም በምን እንደሚፈተን ይዘረዝራል። የእንግሊዝ ሕዝብ ይህን የሚሠራለት ሰው ለማግኘት ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1909 የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር የባለምስጢር መድኃኒቶቹን ቅመም በቤተ ሙከራ አስመርምሮ በመጽሐፍ አወጣ። ከተመረመሩት አንዱ የቢቻም ክኒን ነው። ይህ ክኒን በ1840ዎቹ የተጀመረ ሲሆን ማስታወቂያው የአንድ ሣጥን ጥቅም አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ እንደሚያወጣ ይናገር ነበር። በእውነት ይሸጥ የነበረው በአንድ ሺሊንግ ከአንድ ፔኒ ተኩል ነው። ውስጡ ምን ተገኘ? እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና! የ56ቱ ክኒኖች የቅመም ዋጋ ግማሽ ፋርዚንግ ነበር። ፋርዚንግ የፔኒ ሩብ ነውና ሒሳቡን ለምትወዱ ልጆች፣ ሣጥኑ የተሸጠው በቅመሙ ዋጋ 108 እጥፍ ነው። እሬትና ዝንጅብል ደግሞ ከመርካቶ አንድ ቀን አይጠፉም።

መጽሐፉ ሲወጣ ግን ብዙ ጋዜጦች ስለ እሱ ዝም አሉ። የመጽሐፉን ማስታወቂያ በገንዘብ እንኳ አናትምም ያሉ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጋዜጦቹ ትልቁ ገቢ ከእነዚያው ክኒኖችና ሽሮፖች ማስታወቂያ የሚመጣ ነበር። (የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም የኋላውን ሽፋን ለማን እንደሚያከራዩ ሲወስኑ ይህችን አንቀጽ አንድ ጊዜ ቢያነቧት አልቀየምም።) በእኛም አገር አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 759 በ2004 ዓ.ም.፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ወጥተዋል። ልጁን ድንገተኛ ክፍል ያደረሰው ጠርሙስ የተሸጠው ሁለቱም ከወጡ በኋላ ነው።

የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1912 አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ምስክር ሲሰማ ከረመ። ኮሚቴው ረጅም ሪፖርት ጽፎ የቅመሞቹን መደበቅ አወገዘ። ሪፖርቱ የወጣበት ቀን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 1914 ነበር፤ በዚያው ዕለት እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀችና ሪፖርቱን ያነበበው ሰው ጥቂት ሆነ። በእንግሊዝ አገር የመድኃኒት ሻጭ በጠርሙሱ ላይ ውስጡ ያለውን እንዲጽፍ በሕግ የተገደደው በ1941 ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።